ጉድጓዱን ሸራ ላለበሱልን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የኒውክሌር ትጥቅ ማስፈቻ ጎዳናዎች ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣
በምቹ ወንበርዎ ላይ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ጠረጴዛና በዙሪያው ለተደረደሩት ተሽከርካሪ ወንበሮች ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ጉልበትዎ ከብዙ መቀመጥ እንዳይደነዝዝ፣ ዓይንዎ ከብዙ ረቂቅ ንባብ እንዳይፈዝ፣ ጉሮሮዎም «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለስንት ዓመት ሲያሰማ እንደኖረው ሁሉ ወደፊትም ሳይሻክር እንዲያሰማ ከልብ እመኛለሁ። እኔም፣ ሰፈሬም፣ ፀጉር ቤቴም ደህና ነን። አማቴም በተወሰነ ደረጃ ደህና ናቸው፤ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጠዋል። የምጽፍልዎትም ከዚያ ሳሎን ስለሚወጡበት ሁኔታ ነው።

ማንነቴን ላስታውስዎት። ከኮረብታው ግርጌ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው ፀጉር የማስተካክል ተራ ዜጋ ነኝ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወትና የማያልቅ ወሬ አለኝ። የክብር እንግዳው ሰፈራችንን የጎበኙ ዕለት፣ መሬት ላይ የወደቀ ፀጉር ለእንግዳ ዓይን አይመችም ተብሎ በሬን እንድዘጋ በትሕትና የታዘዝኩት ሰው እኔ ነኝ። ትእዛዙን ያመጣልኝ ባልደረባዎ ጸጉሩን በነፃ ተስተካክሎ ነው የሄደው፤ እሱም በዚህ አጋጣሚ ሰላምታዬ ይድረሰው።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ በትከሻዎ በኩል አንገቱን አስግጎ የሚያነብ አይጠፋምና፣ ነገሩን ከሥሩ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ። ከሰፈራችን ጀርባ ባለው ኮረብታ ሥር፣ ብዙዎቻችን ከመወለዳችን በፊት ጀምሮ፣ አንድ ጉድጓድ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ሚሳዔል ቆሞ ነበር፤ ሚሳዔሉ አናት ላይ ደግሞ አንድን ከተማ ከነሰዉ፣ ከነድመቱ፣ ከነቁልፍ ሠሪው አመድ የሚያደርግ የኒውክሌር አረር ተቀምጦ ነበር። እኛ ልብስ ስናሰጣ፣ ልጅ ስንድር፣ ከጎረቤት ጋር በቆሻሻ ገንዳ ስንጣላ እሱ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። ከዚያ መንግሥታችንና ከባሕሩ ማዶ ያለው መንግሥት፣ እኛ ባጭሩ «ማዶኞቹ» የምንላቸው፣ የየራሳቸውን ጉድጓድ ተራ በተራ ሊያፈርሱ ተስማሙ። እኛ አንድ፣ እነሱ አንድ፤ እኛ አንድ፣ እነሱ አንድ፤ እስኪያልቅ። መጀመሪያ የሚፈርሰውም የእኛው ሰፈር ጉድጓድ እንዲሆን ተወሰነ።

የፈረሰ ዕለት ሁላችንም ከአጥሩ ርቆ ባለው ሜዳ ላይ ቆመን ነበር። አረሩና ሚሳዔሉ ቀድመው ተወስደዋል፤ የቀረው ባዶ ጉድጓድ ነው። ታክሲ ነጂው ደንበኛዬ ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደተቀባ፣ ፎጣዬን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ነው አብሮኝ ሮጦ የወጣው። መሬቱ ከእግራችን ሥር አንድ ጊዜ ተነስቶ ተቀመጠ፣ ቀጥሎ ድምፁ መጣ፣ ቀጥሎ አቧራው። መጀመሪያ የተናገሩት አማቴ ናቸው። «በቃ? ይኼው ነው? ዕድሜ ልካችንን ሽንት ቤት ስንሄድ እንኳ ቀና ብለን እያየን የፈራነው ይኼንን ነው?» አሉ። ታክሲ ነጂው አረፋውን በፎጣዬ እየጠረገ «እማማ፣ ይኼ ባዶው እኮ ነው። ሙሉው ቢሆን ኖሮ አሁን እንዲህ አንጠያየቅም ነበር» አላቸው። ሰዉ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ግን ብዙዎቹ አለቀሱ፤ እኔም አቧራው ነው ብዬ ዓይኔን አሸሁ።

ስምምነቱ ላይ አንድ ቆንጆ ደንብ ነበረ፤ ያወጣውን ሰው ባገኘው ዕድሜ ልኩን በነፃ አስተካክለዋለሁ። የፈረሰው ጉድጓድ ሦስት ወር ሙሉ ሳይነካ፣ ሳይከደን፣ ራቁቱን ለሰማይ ተከፍቶ ይቆያል። የማዶኞቹ ሳተላይት በላዩ ባለፈ ቁጥር ያየዋል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ እስኪጠግብ ይመረምረዋል። ሦስቱ ወር ሲሞላ «አይተናል፣ አምነናል» ብለው ይጽፋሉ፣ የራሳቸውን ያፈርሳሉ፣ በእኛም በኩል በጉድጓዱ ዙሪያ የታጠረው አጥር ይነሳል። በአጥሩ ውስጥ የቀሩ ቤቶች ባለቤቶችም፣ አማቴን ጨምሮ፣ ተጠግተው የከረሙበትን ዘመድ አመስግነው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ማንም ማንንም እንዲወድ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ክፍት አድርጎ መተው ብቻ ነው።

ክቡርነትዎ በማይደክመው ትጋትዎ ይህችን አንድ ነገር ብቻ ማድረግ አቃትዎ። ስለዚህ የሚከተሉትን አቤቱታዎች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ሸራው የከበረ ምስጋና። ሦስቱ ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አንድ የክብር እንግዳ ጉድጓዱን ሊመርቁ እንደሚመጡ ተነገረ። የፈረሰ ጉድጓድ መልኩ አያምርም፤ ይህን አልክድም። የተጣመመ ብረት፣ የተሰባበረ ኮንክሪት፣ አረንጓዴ ውሃ ያቆረ ጭቃ ነው። ጽሕፈት ቤትዎም ይህ ሁሉ በፎቶ ቢታይ ለአገር ገጽታ ጥሩ አይደለም ብሎ በማሰብ፣ ከእንግዳው መምጣት አንድ ቀን በፊት ጉድጓዱን በሙሉ በትልቅ አረንጓዴ ሸራ ሸፈነው። ዙሪያውን በገመድና በካስማ ወጠረው፣ ጠርዙን በሰው ሠራሽ ሣር አስጌጠው፣ አበባ በማሰሮ ደረደረበት፣ ከመድረኩ በላይም «ግልጽነት ለሰላም» የሚል ጨርቅ ሰቀለ። የክብር እንግዳው በሸራው ጫፍ ላይ ቆመው ስለ ግልጽነት በድምፅ ማጉያ ያሰሙትን ንግግር በተዘጋው በሬ ቀዳዳ አዳምጫለሁ፤ ልብ ይነካል። ፎቶውም በጣም ያምራል። እንግዳው አሉ፣ እርስዎ አሉ፣ አበባው አለ፣ ሪባኑ አለ። የሌለው ጉድጓዱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ከሰማይ ስለታየው። የማዶኞቹ ሳተላይት እንደ ልማዱ ሲያልፍ፣ ትናንት አፉን ከፍቶ ያየው ጉድጓድ ዛሬ አረንጓዴ ሆኖ አገኘው። እስቲ ራስዎን በእነሱ ቦታ ያድርጉ። አንድ ሰው ሰርቋል ተብሎ ተጠርጥሮ ኪሱን እንዲገለብጥ ሲጠየቅ፣ ወዲያው ሄዶ ረጅም ካፖርት ደርቦ ቢመለስ ምን ይሉታል? ማዶኞቹም በጨዋ ደንብ «ከሸራው ሥር ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። የዚህ መልስ ክቡር ሆይ፣ አንዲት ቃል ናት፤ «ምንም» ትባላለች። እውነትም ናት። ሸራውን አንስቶ ማሳየት ደግሞ ቃልም አይጠይቅም። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ጥያቄው ሉዓላዊነታችንን የሚደፍር ነው የሚል ባለ ብዙ ገጽ መግለጫ አወጣ። ስለዚህ በዓለም ላይ ምንም የሌለበትን ነገር በሙሉ ክብርና ቁጣ የምንደብቅ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሆንን። ማዶኞቹም ቢሆኑ ጻድቃን አይደሉም፤ ሰበብ ሲጠብቁ የከረሙ ይመስል፣ ለማፍረስ ፈንጂ ቀብረውበት የነበረውን የራሳቸውን ጉድጓድ ፈንጂውን አውጥተው «ለጥንቃቄ ያህል» ሚሳዔሉን መልሰው እንዳቆሙበት በሬዲዮ ሰማን። ሊሞት የተቃረበ ሚሳዔል በአንድ ሸራ ምክንያት ነፍስ ዘራ። በሕክምናው ዓለም እንኳ እንዲህ ያለ ውጤት ተሰምቶ አይታወቅምና እንኳን ደስ አለዎት።

ሦስተኛ፦ ይህ አቤቱታ በሂደት ላይ ነው።

አራተኛ፦ ስለ አማቴ። እዚህ ላይ ትንሽ እንዳስረዝም ይታገሡኝ፤ የጻፍኩልዎትም ለዚህ ነው። አማቴ በጡረታ ላይ ያሉ አዋላጅ ናቸው። የሰፈራችንን ግማሽ በእጃቸው ተቀብለውታል፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ ያመለጣቸው እንደሆነ ነው የሚናገሩት። ሽማግሌ እንኳ ሲያጠፋ «አንተ ልጅ» ብለው ነው የሚጠሩት። እኔን ለልጃቸው ሲድሩኝ «አንተን ሌላ ሰው ነው ያዋለደህ፤ ከአሁን በኋላ ያለውን ግን እኔ አስተካክላለሁ» ያሉ ሰው ናቸው።

አሁን ዓይናቸው እየጠፋ ነው። የዓይን ሐኪሙ በዓይናቸው ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ጎድቶታል፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብሏል። ዛሬ ዓለምን የሚያዩት በበር ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ፊት ለፊት ትንሽ ብርሃን አለ፣ ዳርና ዳሩ ጨለማ ነው። በእኛ ቤት ሁሉ ነገር ባዕዳቸው ሆኗል። ከቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ጋር ይጋጫሉ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር የቁም ሣጥኑ ነው ብለው ይከፍታሉ፣ ሻይ ከብርጭቆው ጎን ይቀዳሉ። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ በቤታችን የወንበር እንቅስቃሴ ስምምነት ተፈራርመናል። ማንም ወገን ሌላውን ሳያሳውቅ ወንበር፣ በርጩማ ወይም ባልዲ ከቦታው ማንቀሳቀስ አይችልም። የማረጋገጫ ሥርዓታችን የአማቴ ቅልጥም ነው፤ ጥሰት በተፈጸመ ቁጥር ወዲያውኑ ከፍ ባለ ድምፅ ሪፖርት ያደርጋል። ስምምነቱ እስካሁን አልፈረሰም፤ አንድ ጊዜ ብቻ እኔ ጫማዬን መተላለፊያው ላይ ትቼ ተገኝቼ ከባድ ማዕቀብ ተጥሎብኛል።

ግን ይህ መኖር አይደለም። እሳቸው የሚሉትን እንዳለ ላስተላልፍልዎት፦ «እኔ ቤት ዓይን አያስፈልገኝም። በሩን፣ ደረጃውን፣ የውሃውን ቧንቧ እጄ ያውቀዋል። ግን ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ልግባ። ተዘግቶ የከረመ ቤት ነው፤ የወደቀ፣ የተሰነጠቀ፣ ቦታውን የለቀቀ ነገር አይጠፋም። አንዴ በዓይኔ ልየውና ልያዘው። ከዚያ በኋላ ቢጨልም ይጨልም።» ክቡር ሆይ፣ እኚህ ሴት ከእርስዎ የሚፈልጉት ከኒውክሌር ነፃ የሆነ ዓለም አይደለም። ቢሰጧቸው እምቢ አይሉም፤ ግን የለመኑት አንድ ቤት ነው፣ የራሳቸው ቤት፣ ጥቂት የቀረች ብርሃን ሳለች።

ባለፈው ሰሞን ትዕግሥታቸው አልቆ በእኔ ክንድ ተደግፈው እስከ አጥሩ በር ሄዱ። የበሩ ጥበቃ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ሲወለድ በእግሩ ስለመጣ እስከ ዛሬ «ግልብጡ» እያልን የምንጠራው ጎልማሳ። «እማማ፣ በሞቴ፣ ትእዛዝ ነው፤ ማሳለፍ አልችልም» አላቸው። «በእግርህ ስትመጣ አገላብጬ ያወጣሁህ እኔ አይደለሁም? ያኔ ከበላይ ትእዛዝ ይምጣ ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ዛሬ አንተም የለህም፣ እናትህም የለችም» አሉት። «አውቃለሁ እማማ፤ እናቴም ልደቴ በመጣ ቁጥር ትነግረኛለች። ግን አለቃዬን እርስዎ አላዋለዱትም» አለ ልጁ፣ አንገቱን ደፍቶ። አማቴም «ያስታውቃል» ብለው ተመለሱ።

የልጁን ቃል ያቀረብኩት እንዲቀጡት አይደለም። ትእዛዝዎን ያከበረ በመሆኑ እንዲሸልሙት ነው። ከተቻለ ሽልማቱ ሸራ ባይሆን ይመረጣል።

አምስተኛ፦ በጽሕፈት ቤትዎ ስለተደረገልኝ ደማቅ አቀባበል። የሥራ ልብሴን አውልቄ፣ ደህና ሸሚዝ ለብሼ፣ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው በፈገግታ ተሸኝቼ፣ በመጨረሻ ከረባት ካሰሩ አንድ ባለሙያዎ ፊት ቀረብኩ። ጥያቄዬ አጭር ነበር፤ ሸራውን አንሱት። ባለሙያው በአዘኔታ እያዩኝ የሚከተለውን አብራሩልኝ፤ በሚገባ ሳልረዳ ቀርቼ እንደሆነ ያርሙኝ። ጉድጓዱ አሁን አከራካሪ ቦታ ሆኗል። አከራካሪ ቦታ ላይ ያለን ነገር ማንሳት ማስረጃ ማጥፋት ሊባል ይችላል። ስለዚህ ሸራውን ማንሳት የሚችለው የሁለቱ አገሮች የጋራ ኮሚሽን ብቻ ነው። ኮሚሽኑ የሚሰበሰበው አጀንዳው ሲጸድቅ ነው። አጀንዳው የሚጸድቀው አንድም አባል ሳይቃወም ሲቀር ነው። የአጀንዳው የመጀመሪያ ነጥብ ደግሞ በጉድጓዱ ላይ ያለው ነገር ስሙ ማን ይባል የሚለው ነው፤ የእኛ ወገን «ጊዜያዊ ጥላ» ይባል ሲል፣ ማዶኞቹ «መደበቂያ» ካልተባለ አንቀመጥም ብለዋል። እኔ ባለማወቄ «ሸራ ቢባልስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ባለሙያው ሐሳቡ ገንቢ መሆኑን ገልጸው፣ ነገር ግን ከሁለቱም ወገን ያልቀረበ አማራጭ በመሆኑ ሊመዘገብ እንደማይችል አስረዱኝ።

ስወጣ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ትልቅ ሥዕል አየሁ። ከቀስት ወደ ቀስት፣ ከደረጃ ወደ ደረጃ እያለ ዓለም ከኒውክሌር መሣሪያ የምትላቀቅበትን ጉዞ ያሳያል። ቀለሙ ደስ ይላል። የመጨረሻውን ደረጃ ግን ማየት አልቻልኩም፤ የእሳት ማጥፊያው በላዩ ተሰቅሎበታል።

ስድስተኛ፦ በስንብት ስለተሰጠኝ በራሪ ጽሑፍ። ፀጉር ቤቴ አስቀምጬው ደንበኞቼ ተራ ሲጠብቁ ያነቡታል፤ ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ምላጭ ይጠርጋል። በውስጡ ወደ ትጥቅ መፍታት የሚያደርሱ ጎዳናዎች ሁሉ ተዘርዝረዋል። አንዱ ጎዳና ደረጃ በደረጃ መቀነስ ነው፤ እያንዳንዱ ወገን ሌላው እንዲጀምር እጁን ዘርግቶ «ይቅደሙ» ይላል፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ መከባበር ያለበት በር የለም። ሌላው ጎዳና መሣሪያውን በሕግ መከልከል ነው፤ የሌላቸው አገሮች ፈጥነው ፈረሙ፣ ሊመሰገኑ ይገባል፤ ያላቸው ደግሞ የእጅ ጽሑፋቸውን አደነቁ። ሌላው፣ ከመሣሪያው ነፃ የሆኑ ቀጠናዎችን መከለል ነው፤ ጥሩ ነው፣ ነፋሱም ጨረሩም ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ ከተነገራቸው። ከዚያ «መጀመሪያ መተማመን፣ ቀጥሎ መቀነስ» የሚል አለ፤ ገጹን ሲገልጡ ደግሞ «መጀመሪያ መቀነስ፣ ቀጥሎ መተማመን» የሚል። ታክሲ ነጂው ሁሉንም አንብቦ ሲጨርስ «መንገዱስ ሞልቷል፤ የጠፋው ተሳፋሪ ነው» አለ። ይህን እንደ ሕዝብ አስተያየት ይቀበሉልኝ።

እኔ ግን ከእሱ ጋር አልስማማም፤ የሚያንገበግበኝም ይኼው ነው። መንገዱ ሕልም ነው፣ ሰው በተፈጥሮው ክፉ ነው፣ አይሆንም ብትሉን ኖሮ አርፈን እንቀመጥ ነበር። ግን ሆኖ አይተናል! በዓይናችን አይተናል። አንድ አረር ወጥቶ ሄደ፣ አንድ ሚሳዔል ተቆራረጠ፣ አንድ ጉድጓድ ከነታሪኩ ተናደ፣ ማዶኞቹ ፈንጂያቸውን ቀበሩ። አስቸጋሪው ሁሉ አልቆ ነበር። መሐንዲሱ ሥራውን ሠርቷል፣ ወታደሩ ሠርቷል፣ ተደራዳሪው እንቅልፍ አጥቶ ሠርቷል። የቀረው ምንም አለመሥራት ብቻ ነበር፤ እጅን አጣጥፎ፣ ጉድጓዱን እንዳለ ትቶ፣ ሰማይ እንዲያየው መፍቀድ። ስንት ዓመት ሙሉ ምንም ባለመሥራት የታወቀ መሥሪያ ቤት፣ ምንም አለመሥራት የሚጠበቅበት ቀን ሲመጣ ተነስቶ ሠራ።

ባለሙያዎ ሰላሙን ጠብቆ ያቆየው እርስ በርስ መፈራራት እንደሆነ ነግረውኛል። ምናልባት። እኔ በየቀኑ የማላውቀው ሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ አሳርፋለሁ። ሰውዬው ዝም ብሎ የሚቀመጠው እሱም በእኔ ጉሮሮ ላይ ምላጭ ስለያዘ አይደለም፤ እንደዚያ ቢሆን ሁለታችንም ገና በመጀመሪያው ማስነጠስ ነበር የምናልቀው። የሚቀመጠው ፊት ለፊቱ መስታወት ስላለና እጄን ስለሚያይ ነው። ፀጉር ቤቴን ለማሳመር ብዬ መስታወቱን በአበባ መጋረጃ ብሸፍነው ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ አንድ ሰው አላገኝም፤ ክቡርነትዎም አይቀመጡም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ ወደ ውሳኔያችን ልለፍ። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት፣ ደመና ከሌለ፣ የሰፈሩ ነዋሪዎች ተሰብስበን ሸራውን እናነሳለን። ይህ ዐመፅ አይደለም፤ ጽሕፈት ቤትዎ ራሱ አካባቢን ማጽዳት የዜግነት ግዴታ ነው የሚል ማስታወቂያ በየግንቡ ለጥፏል፤ እኛም ልናጸዳ ነው። የጋራ ኮሚሽኑን፣ አጀንዳውንና የሸራውን ስም በተመለከተ ያለዎትን ሥልጣን ሙሉ በሙሉ እናከብራለን። ስሙን ወደፊት ሲስማሙ ያሳውቁናል፤ እኛ ለጊዜው ስም የሌለውን ነገር ነው የምናነሳው። ቅዳሜ በበሩ ላይ ተረኛ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባውቅም የደንበኛዬን ስም አልሰጥም። ለማዶኞቹም ወሬው በሬዲዮ እንዲደርሳቸው አስበናል፤ ሳተላይታቸው ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ላይ ካለ ቀና ብለን እጃችንን እናውለበልብላቸዋለን። ፀጉራችን ለፎቶ ዝግጁ እንዲሆን ዓርብ ፀጉር ቤቴ ሙሉ ቀን ክፍት ነው።

የመጀመሪያውን ገመድ የሚፈቱት አማቴ ናቸው። ይህ በድምፅ ብልጫ የተወሰነ አይደለም፤ እሳቸው ወሰኑ። ባለቤቴ «እማዬ፣ ቋጠሮው አይታይሽም እኮ» ስትላቸው፣ «እትብት አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ የመጣን ልጅ በዓይኔ መሰለሽ የፈታሁት? በጣቴ ነው። ደግሞ ያ ያለቅሳል፣ ይኼ አያለቅስም» አሏት።

ገመዱ ሲፈታ፣ ሸራው ሲጠቀለል፣ ጉድጓዱ እንደገና አፉን ለሰማይ ሲከፍት አማቴ ቆመው አያጨበጭቡም። ጉድጓዱን በስተግራ ትተው፣ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በሩን ከፍተው ይገባሉ፣ መስኮቶቹን በሙሉ ይከፍታሉ፣ ከክፍል ክፍል እየዞሩ የወደቀውንና የተሰነጠቀውን በቀረቻቸው ብርሃን ያያሉ። ቸኩለን አናፋጥናቸውም። ሊያስወጧቸው ሰው የሚልኩ ከሆነ፣ የሚልኩት ሰው በር እንዲያንኳኳና ድምፁን አሰምቶ ማንነቱን እንዲናገር በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ፤ ፊቱን ላያዩት ይችላሉ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ግን በድምፁ ያውቁታል።

በፎቶ ፊት ለማይጎድለው ፈገግታዎ፣ ለማይነቃነቀው ትዕግሥትዎና ለተሽከርካሪው ወንበርዎ ያለኝን የጠለቀ አክብሮት በድጋሚ እያረጋገጥኩ፣ ከጫማዎ ሥር ሳይሆን ከኮረብታው ሥር ሆኜ እጅ እነሳለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ ዘወትር አመስጋኝና እስከ ቅዳሜ ድረስ ታጋሽ ዜጋ፣
ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ፀጉር አስተካካይ

ማስታወሻ፦ ሸራው የመንግሥት ንብረት መሆኑን ስለምናውቅ አጥበን፣ አጣጥፈን፣ ከነገመዱና ከነአበባው ማሰሮ ቢሮዎ ድረስ እናመጣልዎታለን። ያስፈልግዎታልና አደራ አይጣሉት። ከኮረብታው ጎን፣ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው ተብሎ ባለፈው ወር መቆፈር የተጀመረው ክብ ጉድጓድ፣ ከፀጉር ቤቴ የኋላ መስኮት ፍንትው ብሎ ይታያል። ሚሳዔል የሚያህል ውሃ የምትጠጡ መሆናችሁን ግን አላውቅም ነበር።